የዛገ ወለል፦ የድሮ መኪና የሥር ላሜራ ሲቀየር ምን ይደረጋል?

የድሮ ቮልስ (ቮልስዋገን ቢትል) ወለሉ መበሳቱን ባለቤቱ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ በካልሲው ነው። በሐምሌ ወይም በነሐሴ ደሴ ላይ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ወደ ፒያሳ ሲያሽከረክር ጎማው የረጨው ጭቃ በፔዳሎቹ ሥር ሾልኮ እግሩን ያረጥበዋል፤ ቤቱ ደርሶ ምንጣፉን ቢገልጠው ደግሞ ምድሩን ያየዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህችን ቀዳዳ በስንት ትደፍናታለህ?» ኮምቦልቻ ውስጥ በባትላሜራ (የመኪና ቦዲ ጥገና) ሥራ ዓመታት ስላሳለፍሁ ይህን ጥያቄ በየክረምቱ እሰማለሁ። መልሱ ባንድ ቃል የማያልቀው ቀዳዳዋ የዝገቱ መጨረሻ ስለሆነች ነው። ዝገቱ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከዚያች ቦታ ራቅ ብሎ ጀምሯል፤ ወለል የሚቀይር ሰው መጀመሪያ ማግኘት ያለበትም ያንን የጀመረበትን ቦታ ነው።

ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን አብረው ሲያገኙት ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው በላዩ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን የቀረውን ይጠብቅለታል፤ የብረት ዝገት ግን ልል ስለሆነ እርጥበትን አቅፎ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። በዚያ ላይ ዝገት ከበላው ብረት የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ሁለት ላሜራ ተደራርቦ በተበየደበት ስፌት ውስጥ ሲፈጠር ላሜራዎቹን እንደ ሽብልቅ ገፍቶ ይለያያቸዋል። ከላይ ቀለሙ ትንሽ አብጦ የሚያይ ሰው ትንሽ ዝገት ያየ ይመስለዋል፤ ከሥሩ ግን ስፌቱ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። የመኪና ወለል ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ በመሆኑ፣ ዝገቱ ከላይም ከታችም ሲበላው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ውሃው ኤሌክትሪክን ይበልጥ ስለሚያስተላልፍ ሥራው ይፋጠናል። ከአፋር ጨው ጭነው በሚሌና በባቲ መንገድ ሲመላለሱ የኖሩ መኪናዎች የጭነት ሣጥናቸውና ሻንሲያቸው (መኪናውን ከሥር የሚሸከመው የብረት አጽም) ከእድሜያቸው በፊት ያረጀው ለዚህ ነው።

ወለሉን የሚያረጥበው ውሃ ከታች ብቻ የሚመጣ ይመስለናል። አብዛኛው የሚገባው ከላይ ነው። የፊት መስተዋቱ ጎማ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ የዝናቡ ውሃ በውስጥ በኩል ወርዶ ምንጣፉ ሥር ይተኛል፤ የበሩ ጎማ ሲያረጅም እንዲሁ ነው። ከምንጣፉ ሥር ያለው ወፍራም ልባድ ውሃውን ለወራት ይዞ ያቆየዋል። ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ በክረምት ጉሙ ከጠዋት እስከ ረፋድ ላይነሳ ስለሚችል፣ አንዴ የራሰ ምንጣፍ መስከረም እስኪጠባ ላይደርቅ ይችላል። ኮምቦልቻ ቁልቁል ስለሆነችና ስለምትሞቅ የረጠበው ቶሎ ይደርቃል። ላሜራ ለመበየድም ሆነ ቀለም ለመቀባት በክረምት ኮምቦልቻን እመርጣለሁ ስል የደሴ ሰዎች ይስቁብኛል፤ ቢሆንም ደሴ ላይ ማታ አጽድቼ የተውሁት ላሜራ ጠዋት ብርቱካናማ ሆኖ ጠብቆኝ ያውቃል።

በቮልስ ላይ ሌላም ምክንያት አለ። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል፣ በቀጥታ በወለሉ ላይ ነው። ባትሪ ሰልፈሪክ አሲድ የያዘ ስለሆነ ቻርጅ ሲደረግ የሚተነው ጭጋግም ሆነ ውሃ ሲጨመርበት የሚፈሰው ጠብታ ቀለሙን ያነሳና ላሜራውን ይበላዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር 1966 ሞዴል ቮልሳቸውን ይዘው መጡ። «አንቱ አባባ፣ ባትሪውን አንስተው ሥሩን አይተውት ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ መኪናው እስከተነሳልኝ ድረስ ባትሪውን ምን አስነሳኝ?» አሉኝ። ባትሪውን ሳነሳው ከሥሩ የነበረው ላሜራ እንደ ደረቀ ቅጠል አብሮ ተነሳ። እንዲህ ያለውን ቦታ ከመንካት በፊት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጦ ማፍሰስና አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም መደጋገም ያስፈልጋል፤ አሲዱ ሳይመክን የተበየደ አዲስ ላሜራ ከአሮጌው ቀድሞ ይበሳል።

አሁን ወለሉ ለመኪናው ምን እንደሚሠራለት እንይ፤ ምክንያቱም የሥራው ክብደት የሚለካው በዚህ ነው። እንደ ቶዮታ ላንድክሩዘር ባሉ የድሮ የገጠር መኪናዎች ሥር ወፍራም ሻንሲ አለ፤ ወለሉ በዚያ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ቢበሳም መኪናው አይታጠፍም። ፔጆ 404፣ ሰይቼንቶ የምንላት ፊያት 600 እና ላዳ ግን የተለየ ሻንሲ የላቸውም፤ ወለሉ፣ የበሩ ሥር ሣጥንና ጣሪያው ተበያይደው አንድ ላይ ሸክሙን ይሸከማሉ። ቮልስ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ከፊት እስከ ኋላ መሐሉን የሚያልፍ የብረት አከርካሪ አለው፤ ግራና ቀኝ ወለሎቹ እንደ ክንፍ በዚህ አከርካሪ ላይ የተበየዱ ሁለት ሰፋፊ ላሜራዎች ናቸው። ቦዲው በዙሪያቸው በብሎን ይታሰርባቸዋል፤ በመካከላቸውም ውሃ እንዳይገባ የጎማ ማሸጊያ ይነጠፋል። ብሎኖቹ የሚገቡት በበሩ ሥር ከፊት ወደ ኋላ በሚሄደው፣ ከሞተሩ የሚመጣው ሞቃት አየር በሚያልፍበት የጎን ሣጥን ውስጥ ባሉ ዳዶዎች (የብሎን ማሰሪያዎች) ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙዎችን ያስቆጫል፦ የጎን ሣጥኑ ከበሰበሰ አዲሱ ወለል የሚታሰርበት ነገር የለም። ወለሉ የዛገበት መኪና የጎን ሣጥኑ ደኅና ሆኖ የማገኘው ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፍተሻ ነው። ምንጣፉ፣ ልባዱና ፋብሪካው ድምፅ ለማፈን የለጠፈው ጥቁር ሬንጅ መሰል ሉሕ ሁሉ ይነሳል። ከዚያ ሹል ካቻቢቴ ይያዝና ወለሉ በየጣት እርምጃ ይወጋጋል፤ ደኅና ላሜራ ይመልሰዋል፣ የበሰበሰው ያስገባዋል። በትንሽ መዶሻ ቢመታም ደኅናው ይጮኻል፣ የታመመው ድምፁ ይሞታል። ጉዳቱ ከመዳፍ ያልበለጠ ሆኖ በዙሪያው ጠንካራ ላሜራ ካለ ያንን ብቻ ቆርጦ መጣፍ በቂ ነው። ቀዳዳዎቹ ሦስት አራት ቦታ ከሆኑ፣ ወይም መቀመጫው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ሥር ዝገት ካለ፣ ግማሹን ወይም አንድ ጎኑን በሙሉ መቀየር በገንዘብም ሆነ በጊዜ ይረክሳል። በመቀመጫ ሐዲድ ላይ ድርድር የለም፤ መኪና ሲጋጭ የተቀመጠውን ሰው ክብደት የሚይዘው እርሱ ነው።

በቀዳዳው ላይ ቆርቆሮ በሪቬት መትቶ ሬንጅ አፍስሶበት መሄድም የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ስከፍት ውሃው በሬንጁና በላሜራው መካከል ተኝቶ አገኘዋለሁ። ሬንጅ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ስለሌለው፣ ምንም ካልተቀባ ወለል ይልቅ ይህኛው ፈጥኖ ይበሰብሳል።

ከመቁረጥ በፊት ስላለው ሥራ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስሕተቱ የሚፈጠረው እዚያ ነው። ልምድ ሳይኖረኝ የመጀመሪያዬን ቮልስ ስሠራ የግራውን ወለል በግራይንደር ቆርጬ ባንድ ቀን አወጣሁት፤ ፈጣን በመሆኔም ኮርቼ ነበር። የጎን ሣጥኑም የበሰበሰ ስለነበር የቦዲውን መሐል የሚይዝ ነገር አልቀረም። አዲሱን ላሜራ በይጄ ጨርሼ በሩን ስዘጋው ከላይ ገጠመ፣ ከታች የጣት ውፍረት ያህል ወጥቶ ቀረ። ያስተማረኝ አዛውንት ባለሙያ መጥቶ በሩን ሁለት ጊዜ ከፈተና ዘጋ። «አንተ ልጅ፣ ላሜራ ቆረጥህ እንጂ መኪና መቼ ለካህ?» አለኝ። የበየድሁትን ሁሉ ፈትቶ እንደገና መሥራት ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ፤ ለባለቤቱም የሁለተኛውን ሥራ ዋጋ አልጠየቅሁም።

በዚያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ይህ ነበር። በሩ ተዘግቶ ሳለ በዙሪያው ያለው ክፍተት ከላይ፣ ከታች፣ ከፊትና ከኋላ ይለካና በወረቀት ይጻፋል። ከዚያ በበሩ ቀዳዳ ውስጥ ከፊተኛው የማጠፊያ ምሰሶ ወደ ኋለኛው የቁልፍ ምሰሶ ካሬ ቱቦ ብረት ይበየዳል፤ አንዱ አግድም፣ አንዱ ሰያፍ። ከግራ ምሰሶ ወደ ቀኝ ምሰሶም አንድ ይጨመራል። እነዚህ ድጋፎች ሥራው እስኪያልቅ አይነሱም። መኪናው በክሪክ ተነስቶ በካቫሌቶ (የብረት ማቆሚያ) ላይ ሲቀመጥም ክብደቱ በሚቆረጠው ላሜራ ላይ ማረፍ የለበትም፤ በቮልስ ከፊት የፊት አክስል ምሰሶው፣ ከኋላ ደግሞ የቶርሽን ባር ቱቦው (የኋላ ጎማዎቹ ስፕሪንግ ያለበት አግዳሚ ቱቦ) ደኅና ማረፊያ ናቸው። ካቫሌቶዎቹ እኩል መሆናቸው በውሃ ልክ ይረጋገጣል። በመጨረሻም ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል በግራም በቀኝም ይለካል፤ በቮልስ ይህ ርቀት 2,400 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግራውና ቀኙ ካልተስማሙ መኪናው ቀድሞውንም የተጣመመ ነው ማለት ነው።

የጎን ሣጥኑ የሚቀየር ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይለያል። ብዙዎች ሁሉንም አንድ ላይ ያወጣሉ። የሚሻለው ቦዲው በአሮጌው ወለል ላይ እንደታሰረ ሣጥኑን መጀመሪያ መቀየር ነው፤ አሮጌው ወለል የቱንም ያህል የተበሳ ቢሆን የብሎን ቀዳዳዎቹን ቦታ ያሳያልና። ሣጥኑ ከተያዘ በኋላ ቦዲው ቢነሳም ቢቆይም ወለሉን መቀየር ይቻላል። ቦዲውን ማንሳት አራት አምስት ሰውና ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ቢሆንም ከሥር የሚደበቀውን ስፌት ሁሉ ለማጽዳትና ለመቀባት ስለሚያስችል፣ ጊዜ ላለው ሰው እርሱን እመክራለሁ።

ቆርጦ ማውጣቱ ራሱ ረጅም ማብራሪያ አይፈልግም፣ አደጋው ግን ይፈልጋል። በቮልሱ አከርካሪ ውስጥ ከፊት ካለው ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ወደ ኋላው ሞተር ቤንዚን የሚወስድ ቱቦ ያልፋል፤ ከእርሱ ጋር የፍሪሲዮን፣ የነዳጅ መስጫና የእጅ ፍሬን ገመዶችም አሉ። አከርካሪውን በግራይንደር ወይም በትራፓኖ የነካ ሰው ቤንዚን ላይ እሳት ሊረጭ ይችላል። ስለዚህ ሰልባትዮው ወርዶ ከግቢ ይወጣል፣ ቱቦው ባዶ ይደረጋል፣ ባትሪው ይነሳል፤ አልተርኔተር ያለውም መኪና ገመዱ ይላቀቃል፣ የብየዳ ኤሌክትሪክ ሊያቃጥለው ይችላልና። የሬንጁ ሉሕና የመቀመጫ ልባድም ይነዳሉ፤ አጠገብ እሳት ማጥፊያ፣ እርሱ ከጠፋ ባልዲ ውሃና እርጥብ ጆንያ መኖር አለበት። ወለሉን ከአከርካሪው ለመለየት ፋብሪካው በነጥብ የበየደበት ቦታ ሁሉ እየተፈለገ በ8 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) የላይኛው ላሜራ ብቻ ይበሳል፤ ከዚያ በስስ ስካርፔሎ (መሮ) ይላቀቃል። ትዕግሥት የሚፈጅ ሥራ ነው። ግን የአከርካሪው ጠርዝ ንጹሕ ሆኖ ስለሚቀር አዲሱ ወለል ፋብሪካው ባስቀመጠበት መስመር ላይ ያርፋል።

የሚተካው ላሜራ ከየት ይመጣል? ቮልስ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 2003 ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ መኪና ስለሆነ በውጭ አገር በማሽን ቅርጽ ወጥቶለት የተዘጋጀ ወለል እስከ ዛሬ ይሸጣል። ለፔጆ 404 ወይም ለሰይቼንቶ ማግኘት ይከብዳል፤ ወሎ ላይ ያለን ሰዎች አብዛኛውን በእጃችን እናበጃለን። ለዚህ 1 ወይም 1.2 ሚሊ ሜትር ጥቁር ላሜራ ይበቃል። ወፍራም የተሻለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ግን ለማጠፍ ያስቸግራል፣ ከአሮጌው ስስ ላሜራ ጋር ሲበየድም ስሱን ያቃጥለዋል። ነጭ ላሜራ (ዚንክ የተለበጠው) ለዝገት ይጠነክራል፤ ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስ ግን ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ስለሚያመጣ፣ የሚበየደው ጠርዝ ላይ ያለው ዚንክ አስቀድሞ መፋቅ፣ ሥራውም አየር ባለበት ቦታ መሠራት አለበት።

የፋብሪካው ወለል ላይ የሚታዩት ረጃጅም ጎድጓዳ መስመሮች ለጌጥ የተደረጉ አይደሉም። ሜዳ የሆነ ላሜራ ሲረገጥ እንደ ትሪ ቧ ብሎ ይገባና ተመልሶ ይወጣል፤ መስመሮቹ ይህን ይከለክሉታል፣ ወለሉንም ያጠነክሩታል። ማሽን ከሌለ በወይራ ግንድ ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ ይፈለፈላል፣ ላሜራው በላዩ ይደረግና ጫፉ የዶለዶመ ክብ ብረት በመስመሩ ላይ እየተንቀሳቀሰ በመዶሻ ይመታል። ባንድ ዙር አይገባም። ሦስት አራት ጊዜ፣ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እየጠለቀ መሄድ አለበት፤ ባንዴ ካስገቡት ላሜራው ዙሪያውን ይጨማደዳል። መስመሮቹ ከወጡ በኋላ ላሜራው ትንሽ ስለሚያጥር ጠርዙ የሚቆረጠው ከዚህ ሥራ በኋላ ነው። ይህን የማውቀው ቀድሜ ቆርጬ አጥሮብኝ ነው።

አዲሱ ወለል መጀመሪያ ያለ ብየዳ ይገጠማል። በዙሪያው ያሉት ብሎኖች በየቀዳዳቸው በእጅ ይያዛሉ፣ መቀመጫው በሐዲዱ ላይ ይንሸራተታል፣ በሩ ይከፈትና ይዘጋል፣ የበፊቱ ልኬት ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል። ሁሉ ከተስማማ በኋላ ነው እሳት የሚነካው።

ለስስ ላሜራ የሚሆነው 0.6 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ እየመገበ ብየዳውን በጋዝ ከአየር የሚከልል ማሽን፣ ማለትም በተለምዶ ሲኦቱ የሚባለው ነው። በተለመደው በኤሌክትሮድ ብየዳ ላሜራውን ሳያቃጥሉ መሥራት የሚችሉ ጥበበኛ እጆች አይቻለሁ፤ ለሌላው ግን አይመከርም። በአከርካሪው ጠርዝ ላይ የሚያርፈው ላሜራ በየ4 ሴንቲ ሜትሩ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳለታል፤ ከሥሩ ያለው ብረት እስኪያበራ ይጸዳል፤ ላሜራው በፒንሳ ተጨምቆ ቀዳዳው በብየዳ ይሞላል። ይህ ፋብሪካው የሠራውን የነጥብ ብየዳ ይተካል። ላሜራ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝም ከነበረው በላይ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባንድ ትንፋሽ የተበየደ ወለል እንደ ቅጠል ይጠቀለላል። አንድ ነጥብ ከፊት፣ ቀጣዩ ከኋላ፣ ሌላው ከመሐል፣ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ እየተጠበቀ መሄድ ነው። ክፍት ግቢ ውስጥ ነፋስ ካለ ጋዙን ስለሚወስደው ብየዳው እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፤ በሸራ መከለል ይበቃል።

ብየዳው ሲያልቅ ጉብታው በግራይንደር ይስተካከላል፣ ቅባቱ ይጸዳል፣ በዚያው ዕለት ኢፖክሲ አንቲራስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) በሁለት ዙር ይቀባል። «በዚያው ዕለት» ያልሁት ከደሴው ላሜራ ስለተማርሁ ነው። ዝገት ፈጽሞ ሊፋቅ በማይችልበት የአከርካሪው ጥግ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት መለወጫ ይጠቅማል፤ ዝገቱን ወደ ጠቆረ፣ በውሃ ወደማይሟሟ ነገር ይለውጠዋልና። በልል ዝገት ላይ ግን አይሠራም፣ መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ መፋቅ አለበት። ከአንቲራስቱ በኋላ ስፌቶቹ ሁሉ ከላይም ከታችም በመኪና ማስቲክ ይታሸጋሉ፤ ስቱኮ (ደርቆ የሚጠነክረው መሙያ) ለዚህ አይሆንም፣ ወለል ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃልና። ከሥር ድንጋይ የሚቋቋም ወፍራም ቀለም፣ እጅ በማይደርስበት የጎን ሣጥን ውስጥ ደግሞ በቱቦ የሚረጭ ሰም ይጨመራል። ከዚያ በቦዲውና በወለሉ መካከል አዲሱ የጎማ ማሸጊያ ተነጥፎ ብሎኖቹ ከመሐል ወደ ጫፍ ይጠብቃሉ፤ የበሩ ድጋፎች የሚቆረጡትም ያኔ ነው።

ምንጣፉ ግን ቶሎ አይመለስም። የመምህሩን ቮልስ ስጨርስ መስተዋቱን በአዲስ ጎማ አስገጥመን፣ ባትሪውን በፕላስቲክ ትሪ ላይ አስቀምጠን፣ በረንዳ ላይ ጣሪያውንና በሮቹን በጎማ ቱቦ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል አርከፈከፍንበት። መምህሩ ጫማቸውን አውልቀው ገብተው በባዶ እግራቸው በአዲሱ ወለል ላይ ተቀመጡና ከፔዳሉ ሥር እስከ ባትሪው ቦታ በመዳፋቸው ዳሰሱት። በቀኝ በር ጥግ አንዲት የእርጥበት መስመር አገኙ። ጎማው ተጣጥፎ ኖሯል፤ አስተካክለን እንደገና ውሃ አፈሰስንበት።